የሎሚ ከርዴ ለምን ጠቆረብኝ? እና ሌሎች የጓዳ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። እኔ የምኖር ደብረ ማርቆስ ነው። ልጄ ያለች እንግሊዝ አገር ሊድስ የምትባል ከተማ ነው፣ ለገና ወስዳኝ እስተ ጥር መጨረሻ ተሷ ጋር ነበርሁ። እዚያ ሳለሁ ሩባርብ የሚሉት ቀይ አገዳ እየገዛች በእንቁላልና በቅቤ ታበስለውና ዳቦ ላይ ትቀባልኝ ነበር፣ ከርድ ይሉታል። መጥመጥ ያደርጋል ደሞ ይጣፍጣል፣ ጣዕሙ እስታሁን ታፌ አልጠፋም። ታገሬ ስገባ ለልጅ ልጆቼ ልሥራላቸው ብዬ ሩባርቡን ባጣው በሎሚ ሞከርሁት፣ እንቁላሉ እንደ ፍርፍር ተቆራርጦ ቀረ፣ መልኩም አመድማ ሆነ፣ ስቀምሰው ብረት ብረት ይላል። ሁለተኛም ሞከርሁ ያው ነው። ሎሚ ስላደረግሁበት ነው? ሩባርቡስ እኛ አገር አይበቅልም ወይ?
እናት ነኝ፣ ተማርቆስ

መልስ፦ እናቴ እንደምን ከረሙ። ደብዳቤዎን ሳነብ "እስታሁን" የምትለዋን ስደርስ ቆም አልኩ፣ እኔም የቢቸና ልጅ ነኝ፣ አያቴም እንደዚሁ ነበር የሚናገሩት።

ሎሚው ምንም ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ያለው ድስቱና እሳቱ ላይ ነው፣ ሁለቱ ደሞ ለየብቻ ጥፋት ናቸው ስለዚ አንዱን አስተካክለው ሌላውን ቢተዉት እንደገና ይበላሽብዎታል።

ድስቱን ላስቀድም። መልኩ አመድማ ሆኖ ብረት ብረት ካለ የሠሩበት የአሉሚኒየም ድስት ነው ብዬ እገምታለሁ፣ አብዛኞቻችን ቤት ያለው እሱ ነው። አሉሚኒየም ከሚኮመጥጥ ነገር ጋር አይስማማም። ሎሚውም ሩባርቡም አሲድ ናቸው፣ አሲዱ ከድስቱ ላይ ብረቱን እየላሰ ምግቡ ውስጥ ይከተዋል፣ ጣዕሙም መልኩም የሚበላሸው ለዛ ነው። ሩባርብ ላይማ ይብሳል፣ ፈረንጆቹ ጥቁር ያለ የአሉሚኒየም ድስት ሩባርብ ቀቅለውበት ድስቱ ጸድቶ ይወጣል። የጸዳው ቆሻሻ የት ሄደ ቢሉ ሩባርቡ ውስጥ ነው። እርስዎ የማይዝግ ድስት (ስቴንለስ የሚሉትን) ወይ ወፍራም የብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህን ይጠቀሙ። መምቻውም መጥለያውም እንደዛው አሉሚኒየም አይሁን።

አሁን እሳቱ። ከርድ ማለት በመሠረቱ እንቁላል ነው፣ የሚያወፍረው ዱቄት ሳይሆን እንቁላሉ ነው። አስኳል ብቻውን ከ65 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ መወፈር ይጀምራል፣ ስኳር ሲገባበት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከርዱ ደረሰ የሚባለው ከ77 እስከ 80 ዲግሪ ድረስ ሲሞቅ ነው። ከዛ አለፍ ካለ እንቁላሉ ይጨማደድና ውሃውን ይተፋል፣ ያ ነው እርስዎ ያዩት ፍርፍር። እንግዲህ ይሄ ነገር መፍላት የለበትም ማለት ነው፣ ወጥ አይደለም፣ "ተክ ተክ" ሲል ከሰሙ አለቀ። እኛ ደሞ ልማዳችን ሽሮም ይሁን ወጥ እስኪንተከተክ መጠበቅ ስለሆነ እጃችን እሳቱን መቀነስ አይወድም።

ስለዚ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱት። ትንሽ ድስት ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ውሃ ያፍሉና እሳቱን ዝቅ ያርጉ፣ ከላይ ጎድጓዳውን ሳህን ያስቀምጡ፣ የሳህኑ ቂጥ ውሃውን አይንካ፣ በእንፋሎቱ ብቻ ነው የሚበስለው። ማርቆስ ደግሞ ለዚ ሥራ ትረዳዎታለች። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እንፋሎቱም ከሊድሱ ለስለስ ያለ ነው ማለት ነው። ልጅዎ በ10 ደቂቃ የጨረሰችው እርስዎ ጋ 15 ወይ ከዛ በላይ ቢፈጅ አይደንግጡ፣ አልወፍር አለኝ ብለውም እሳቱን አይጨምሩ። ሽሮ ስንት ሰዓት እንደምናማስል ያውቁ የለ፣ ያንን ትዕግሥት እዚህ ያምጡት።

መጠኑን በሎሚ ልንገርዎት። ሁለት ሙሉ እንቁላልና አራት አስኳል፣ ይሄ በፈረንጅ እንቁላል ነው፣ የሐበሻ ከሆነ ትንሽ ስለሆነ ሦስት ሙሉና ስድስት አስኳል ያርጉት፣ የሐበሻው አስኳል ቢጫነቱ ደመቅ ስለሚል እኔ እሱን ነው የምመርጠው። 150 ግራም ስኳር። የሎሚ ጭማቂ ግማሽ ብርጭቆ፣ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ የኛ ሎሚ ትንንሽ ስለሆነ ስድስት ሰባት ሊፈጅ ይችላል። ሎሚውን ሳይጨምቁት በፊት ታጥቦ ቅርፊቱ ላይ ላዩን በደቃቁ ይፋቅ፣ ሽታው ያለው እዛ ነው፣ ነጩ ጋ ሲደርሱ ግን ያቁሙ ይመራል። መጨረሻ ላይ 100 ግራም ቅቤ።

እንቁላሉና ስኳሩ መጀመሪያ በደምብ ይመቱ፣ ይሄን አይዝለሉት፣ ስኳሩ እንቁላሉን ከድንገተኛ ሙቀት ይከላከልለታል፣ የነጩም ክር ክር ይጠፋል። ከዛ ሎሚውን ጨምረው እንፋሎቱ ላይ ያስቀምጡና እጅዎን ሳያነሱ ያማስሉ፣ የሳህኑን ዳርና ቂጥ እየፋቁ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚበስለው እዛ ነው። መድረሱን በእንጨት ማንኪያ ይወቁት፦ ማንኪያውን ነክረው ጀርባው ላይ በጣትዎ መስመር ሲያሰምሩ መስመሩ እንዳለ ከቆመ ደርሷል፣ ተመልሶ ከተገናኘ ገና ነው። ወዲያው ያውርዱና ቅቤውን እየቆራረሱ ይጨምሩ፣ ቅቤው ማቀዝቀዝም ማለስለስም ሁለቱንም ይሠራል። ከዛ በመጥለያ ያሳልፉት፣ የቀረችው ጉብታ እዛው ትቀራለች። ትኩስ ሲሆን ቀጠን ብሎ ቢያዩት አይዘኑ፣ ፍሪጅ አድሮ ሲያዩት ሌላ ነው።

ቅቤን በተመለከተ አደራ። የነጠረ፣ ቅመም የገባበት ቅቤ በፍጹም አይሆንም፣ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ሎሚ ከርድ አይደለም። የጎጃም ቅቤ ወጥ ውስጥ ሲገባ የሚወደደው መዓዛው ስላለው ነው፣ እዚህ ግን ያ መዓዛ ሎሚውን ያፍነዋል። የገበታ ቅቤ ከተገኘ እሱ፣ ካልተገኘ በዛው ቀን የተናጠ ለጋ ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ሁለት ሦስቴ ታጥቦ አሬራው ጥርት ብሎ ሲወጣለት ይሆናል።

ወደ ሩባርቡ ልምጣ፣ ልብዎ ያለው እሱ ላይ እንደሆነ ይገባኛል። ልጅዎ ሊድስ መሆኗ ደስ ይላል ምክንያቱም እርስዎ የበሉት የአገሩን ጌጥ ነው። ከሊድስ ደቡብ ዌክፊልድ፣ ሞርሊና ሮዝዌል በሚባሉት ከተሞች መሀል ያለው አገር በሩባርብ የታወቀ ነው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት እንደ ሻምፓኝ ወይን ሌላ ቦታ የበቀለ በዚያ ስም እንዳይሸጥ ስሙን አስጠብቆለታል። ጥር ላይ የሚገኘው ደሞ ልዩ ነው። ስሩን ሁለት ዓመት ሜዳ ላይ ሳይቆርጡ ያሳድጉታል፣ ውርጭ ሲመታው ነቅለው ሙቀት ያለው ጨለማ ቤት ውስጥ ይደረድሩታል፣ ስሩ ያጠራቀመውን ምግብ ወደ ስኳር እየቀየረ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፣ አገዳው ሮዝ፣ ቅጠሉ ብጫ ሆኖ ለጋ ይወጣል። ብርሃን እንዳይነካው በሻማ ነው የሚለቅሙት። እኛ ብቅል ስናበቅል ገብሱን በኮባ ሸፍነን ጨለማ ውስጥ እንደምናቆየው ነው፣ ቡቃያው ነጣ ብሎ ጣፋጭ ሆኖ እንደሚወጣው። ይሄን ሳነብ የእናቴ ብቅል ነው ትዝ ያለኝ።

ይበቅላል ወይ ላሉት፣ ሩባርብ ብርድ የሚወድ ተክል ነው፣ ክረምት ላይ ውርጭ እየመታው ሳምንታት ካላንቀላፋ ጥሩ አገዳ አያወጣም። ባሕር ዳር ላይ አይታሰብም። ማርቆስም ብትሆን ሌሊቱ ይበርዳል እንጂ የእንግሊዝን ክረምት አትሆንም። ወደ ጮቄ ከፍ ብሎ ደጋው ላይ ጓሮ ያለው ዘመድ ካለዎት እዛ ቢሞከር ይሻላል፣ ግን ዘሩንም ስሩንም ልጅዎ ዝም ብላ በሻንጣ አታምጣ፣ የዕፅዋት ኳራንቲን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከዘር ከተነሳ መጀመሪያ ዓመት ላይ አይቆረጥም፣ ስሩ እስኪጠነክር ይጠበቃል። ቅጠሉ ደግሞ መርዝ ነው፣ ኦክሳሊክ አሲድ በብዛት አለበት፣ ጎመን መስሎት ማንም እንዳይቀቅለው። የሚበላው አገዳው ብቻ ነው።

እስከዛው ልጅዎ ስትመጣ ቆራርጣ አድርቃ ወይ አብስላ በጠርሙስ ካመጣችልዎ ወይም ራስዎ እንደገና ከሄዱ፣ አሠራሩ ከሎሚው የሚለየው አንድ ቦታ ላይ ነው። የሩባርብ አገዳ 94 ከመቶው ገደማ ውሃ ነው። 400 ግራም ቆራርጠው ሁለት ማንኪያ ውሃ ብቻ ጠብ አድርገው ከድነው በለሰለሰ እሳት ያብስሉት፣ ራሱ ውሃ ያወጣል፣ ሲፈርስ በወንፊት ያሳልፉትና ክፍት ድስት ላይ እስኪወፍር ያድርቁት፣ አንድ ብርጭቆ ሞላ አድርጎ እስኪቀር። ይሄ ካልተደረገ ከርዱ ሁሌ ይቀጥናል። ከዛ የቀረው እንደ ሎሚው ነው፣ አንድ ሎሚ ጨምቀው ይጨምሩበት። መልኩ ሮዝ ሆኖ ይወጣል ብለው ከጠበቁ ግን ያዝናሉ፣ ሮዙ ከአስኳሉ ቢጫ ጋር ሲገናኝ ሥጋ መልክ ይሆናል፣ ልጅዎ ያቀረበችልዎ ደማቅ ሮዝ ከነበረ አንድ ነገር ጨምራበታለች። የቀይ ስር ጭማቂ ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃል፣ ሎሚው ከርድ ላይም ይሠራል፣ የልጅ ልጆችዎ ይወዱታል። ከዛ ከበዛ ግን አፈር አፈር ይላል።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ባሕር ዳር ትንሽ ካፌ አለን ከጓደኛዬ ጋር፣ ኬክ ውስጥና ፓንኬክ ላይ ከርድ ማስገባት ጀምረናል ሰው ወዶታል። ጥያቄዬ ስንት ቀን ይቆያል? እንደ ማርማላታ በጠርሙስ አሽገን መደርደሪያ ላይ ብንሸጠውስ? መብራት ደሞ ይጠፋል ታውቃለህ። እና ማንጎ እዚህ ስለሚረክስ በማንጎ ሞክረን ምንም ጣዕም የለውም ለምን?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ መደርደሪያ ላይ አትሽጠው። ይሄን ቀድሜ ያልኩት የሰው ጤና ስለሆነ ነው። ማርማላታ ከግማሽ በላዩ ስኳር ስለሆነ ነው ሳይበላሽ የሚቆየው፣ ከርድ ግን እንቁላልና ቅቤ ነው፣ ስኳሩም የዛን ያህል አይደለም። ጠርሙሱን ቀቅለህ ብትዘጋውም አያስተማምንም፣ ከፍታ ላይ ስትሆን ውሃው በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የምትቀቅልበት ሙቀት ራሱ ዝቅ ያለ ነው።

ፍሪጅ ውስጥ ከ4 ዲግሪ በታች ሆኖ፣ በንጹህና ክዳን ባለው ዕቃ፣ ለደንበኛ የሚቀርብ ከሆነ አንድ ሳምንት በለው። ቤት ውስጥ ሰው እስከ ሁለት ሳምንት ይጠቀማል፣ አንተ ግን ቀን ጻፍበት። ማንኪያ ሁሌ ንጹህ ይሁን፣ ኬክ የነካ ማንኪያ ተመልሶ አይግባ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱት፣ ተዘግቶ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ከዛ በላይ ጠፍቶ ከርዱ ከሞቀ ጣሉት፣ ቢሸትም ባይሸትም። የመጋቢትና የሚያዝያን የባሕር ዳር ሙቀት አንተ ታውቀዋለህ። እኔ ብሆን ብዙ ሠርቼ ከማስቀምጥ በሁለት ቀን የሚያልቅ እሠራለሁ፣ ወይም በትንንሽ ዕቃ ከፋፍዬ ፍሪዘር ውስጥ አስገባለሁ፣ ሦስት ወር ድረስ ጣዕሙን ይጠብቃል፣ ማታ ወደ ፍሪጅ ታወርደዋለህ ጠዋት ይደርሳል።

የማንጎው ነገር ቀላል ነው። ከርድን ከርድ የሚያደርገው ኮምጣጣነቱ ነው፣ የበሰለ ማንጎ ደግሞ ጣፋጭ ብቻ ነው፣ ስለዚ እንቁላል የገባበት ጣፋጭ ማንጎ ሆኖ ይቀራል። ለአንድ ብርጭቆ የማንጎ ጁስ የሦስት የአራት ሎሚ ጭማቂ ጨምርበት፣ ስኳሩን በሲሶ ቀንስ፣ ቅር እንዳይልህ ትንሽዬ ጨው ቆንጥረህ ጣል። ማንጎው ክር ካለው በወንፊት። ፓሽን ፍሩት ካገኘህ ግን ከሁሉም እሱ ይበልጣል፣ ኮምጣጣም ነው ሽታም አለው፣ ሎሚ እንኳን አይፈልግም። የተረፈህን የእንቁላል ነጭ አትድፋው፣ በስኳር መትተህ ኬኩ ላይ ክሬም አድርገው።

አንድ የምለው አለኝ፣ ደንበኛ ሲጠይቃችሁ እንቁላልና ቅቤ እንዳለበት ንገሩ። ዳቦ ላይ የተቀባ ማርማላታ መስሎት ረቡዕና ዓርብ የሚገዛ ጿሚ አለ፣ ሳያውቅ ማስፈሰክ ደስ አይልም።

ጥያቄ፦ መቅመቆ በእንግሊዝኛ የሐበሻ ሩባርብ ይባላል ብሎ ሰው ነገረኝ። እናቴ ቅቤ ስታነጥር ትጨምረዋለች ቤት ውስጥ አለን፣ ስሩን ፈጭቼ ከርድ ብሠራበት ይሆናል?
ተማሪ ነኝ ከዳንግላ

መልስ፦ አይሆንም እህቴ፣ ግን ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ነው ምክንያቱም ዝምድናው እውነት ነው። ሩባርብ፣ መቅመቆ፣ ቱልት፣ እምቧጮ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሩባርብ ሪየም ከሚባለው ወገን ነው፣ የኛዎቹ ሩሜክስ ከሚባለው፣ የአጎት ልጆች በያቸው።

ችግሩ ያለው የትኛው ክፍል ይበላል የሚለው ላይ ነው። ከርድ የሚሠራው ከአገዳው ነው፣ የመቅመቆ ጥቅም ያለው ስሩ ላይ ነው። ስሩ ቅቤውን ቀለም ይሰጠዋል እንጂ አይኮመጥጥም፣ ይመራል። የሩባርብም ስር ቢሆን በቻይና ከጥንት ጀምሮ ለሆድ ማላላት የሚሰጥ መድኃኒት ነው እንጂ ምግብ አይደለም፣ መቅመቆም ስሩ ውስጥ ያ ዓይነት ንጥረ ነገር አለው። ኬክ ላይ በማንኪያ የሚበላ ነገር ውስጥ መድኃኒት አይጨመርም። ቤታችሁ ውስጥ ለግፊት ብሎ የሚጠጣው ሰው ካለም የሐኪም መድኃኒት ላይ ደርቦ እንዳይወስደው ንገሪልኝ፣ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ለሩባርብ አገዳ የሚቀርበው እምቧጮ ነው። ከብት ስንጠብቅ ለጋውን ቀንበጥ ልጠን ያኘክነው፣ ጥርስ የሚያጠርሰው፣ ያ ጣዕም በትክክል የሩባርብ ጣዕም ነው፣ ሩባርብ መጀመሪያ ስቀምስ እምቧጮ ነው ያልኩት። አንድ ጊዜም በሱ ከርድ ሠርቼበታለሁ። አንድ እቅፍ ለጋ ቀንበጥ ለቅሜ ልጬ ቀቅዬ በወንፊት ሳሳልፈው የወጣልኝ የቡና ሲኒ አይሞላም፣ የቀረው ክር ነው፣ መልኩም አረንጓዴ። ጣዕሙ ግን ነበር፣ እውነቴን ነው ነበር። እኔ የምመክርሽ በሎሚ ሠርተሽ የእምቧጮዋን ጭማቂ ሁለት ሦስት ማንኪያ ለጣዕም ብቻ ጣል እንድታደርጊ ነው፣ በደምብ የምታውቂውን ተክል፣ ለጋውን ቀንበጥ ብቻ። እሱም ኦክሳሊክ አሲድ ስላለበት ኩላሊቱ ላይ ጠጠር ያለበት ሰው አይብላው፣ ለማንም ቢሆን በብዛት አይሁን።

ጥያቄ፦ ከርድ ማለት እርጎ አይደል እንዴ? እኔ በአይብ ነው የሠራሁት። የጾምስ አለው?
ከሞጣ

መልስ፦ ቃሉ አሳስቶሽ ነው፣ እንግሊዝኛው ለረጋ ወተትም ለዚህም አንድ ቃል ነው። ይሄኛው ውስጥ ወተት የሚባል አይገባም፣ ወተት ብትጨምሪበት ሎሚው ይቆርጠዋል፣ አይብ ደሞ ቀድሞውንም የተቆረጠ ወተት ስለሆነ ይፈረፈራል እንጂ እንደ ከርድ አይለሰልስም።

የጾሙ ከርድ ባይባልም ጥሩ ነገር ነው። ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች፣ ለመልኩ እርድ በቢላ ጫፍ። ስታርቹን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ አዋህጂውና እያማሰልሽ አፍዪው፣ እዚህ ላይ ከላይ ያልኩትን ሁሉ ገልብጪው፣ እንቁላል መፍላት አይወድም ስታርች ግን ካልፈላ አይወፍርም ጥሬ ጥሬም ይላል። ተክ ተክ ብሎ አንድ ሁለት ደቂቃ ሲቆይ አውርጂ። የሎሚው ጭማቂ እየቀመስሽ የሚገባው ከወረደ በኋላ ነው፣ አብሮ ከፈላ አሲዱ ስታርቹን ያቀጥነዋል። ሁለት ማንኪያ ዘይት መትተሽ ጨምሪበት፣ አብረቅረቅ ይላል፣ ቀዝቅዞ ሲረጋ ድፎ ዳቦ ላይ ቀቢው።